ያላዩትን ቦታ ማሞገስ፦ የጃፓን ነገሥታትና "ስመ ጥር ቦታ" የሚባለው ነገር

ጃፓን ደርሶ የመጣ ሰው የሚለጥፈውን ፎቶ ልብ ብላችሁ ከሆነ ቦታዎቹ ይደጋገማሉ። ባህር ውስጥ የቆመው ቀይ በር፣ ዮሺኖ ተራራን የሸፈነው የቼሪ አበባ፣ ጥድ የበቀለባቸው ትንንሽ ደሴቶች፣ በቃ እነዚሁ ናቸው። ሀገሩ ከዳር ዳር ተራራና ባህር ሆኖ ሳለ ለምን እነዚህ ብቻ? "ያው ስለሚያምሩ ነዋ" ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን የሚያምር ቦታማ እዛ ሞልቷል። ጥያቄው ማን መረጣቸው ነው፣ እና ለብዙ መቶ ዓመታት መራጩ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ነበር፣ የሚመርጠውም በግጥም ነበር፣ ይባስ ብሎ ግጥሙን ከሚጽፉት ብዙዎቹ ቦታውን በአይናቸው አይተውት አያውቁም። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ቦታ መይሾ ይሉታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትምታቱ።)

ከጥንቱ ልጀምር። ከ629 እስከ 641 የነገሡ ጆሜይ የሚባሉ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፣ መቀመጫቸው ዛሬ ናራ በሚባለው አካባቢ ነው። እኚህ ንጉሥ ካጉ የምትባል ኮረብታ ላይ ወጥተው ሀገራቸውን ቁልቁል ሲያዩ የሚያሳይ ግጥም በስማቸው ተመዝግቧል፣ ማንዮሹ በሚባለው፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በተሰባሰበው፣ ወደ 4,500 ግጥም በያዘው መድበል ውስጥ ሁለተኛው ነው። ሜዳው ላይ ጭስ ይነሳል፣ ባህሩ ላይ ወፎች ይነሳሉ፣ እንዴት ያለች ድንቅ ሀገር ናት፣ ነው የሚለው ባጭሩ። ጭሱ የቤት ጭስ ነው፣ ጭስ ካለ ምድጃ ተለኩሷል፣ ምድጃ ከተለኮሰ ህዝቡ የሚበላው አለው ማለት ነው። ችግሩ ወፎቹ ላይ ነው። ካጉ ከባህር ወለል በላይ 152 ሜትር ብቻ ናት፣ ዙሪያዋን ተራራ ከቧታል፣ እዛ ላይ ቆሞ ባህር አይታይም። አንዳንድ ተመራማሪዎች "ባህር ያለው በአቅራቢያው የነበሩትን ኩሬዎች ነው" ይላሉ፣ እኔን ግን የሚያሳምነኝ ሌላኛው ማብራሪያ ነው። ንጉሥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ሀገር ማየቱ ራሱ ሥርዓት ነበር፣ ኩኒሚ ይባላል፣ ንጉሡ አይቶ አሞገሰ ማለት ያ ምድር የሱ ነው፣ ይባረካል ማለት ነው። ስለዚህ ባህሩ ከኮረብታው ባይታይም ግጥሙ ውስጥ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ሜዳውም ባህሩም የሳቸው ነዋ።

ዮሺኖም እንዲሁ በፖለቲካ ነው የገነነው። በ672 በአጎትና በወንድም ልጅ መሀል የዙፋን ጦርነት ተነሳ፣ አጎትየው ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት "መንኩሻለሁ፣ ዙፋን አልፈልግም" ብሎ ዮሺኖ ተራራ ገብቶ ተቀምጦ ነበር፣ ከዛ ወጥቶ ጦር አሰባሰበና አሸነፈ፣ ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጂቶ ከሳቸው በኋላ ራሳቸው ነገሡና በንግሥናቸው ዘመን ዮሺኖን ከ30 ጊዜ በላይ ጎበኙ። ከ30 ጊዜ በላይ! ይሄ ሽርሽር አይመስለኝም፣ ቤተሰቡ ሥልጣን የያዘበትን ቦታ ደጋግሞ ማሳሰብ ነው። አብሯቸው የሄደው ገጣሚ ሂቶማሮ ደግሞ የተራራው አምላክም የወንዙም አምላክ ንግሥቲቱን ያገለግላሉ ብሎ ገጠመ፣ ተራራው አበባና ቅጠል ያቀርባል፣ ወንዙ ዓሣ ያቀርባል። መልክዓ ምድሩ ራሱ ግብር ከፋይ ሆነ በሉት።

ነገሩ መልክ የያዘው ግን በ905 ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳይጎ አራት ሰዎች መርጠው፣ ዋናው ኪ ኖ ጹራዩኪ ነው፣ ምርጥ ግጥም ሰብስባችሁ አምጡ አሉ፣ ኮኪንሹ የሚባለው መድበል ወጣ። ከዛ በኋላ እስከ 1439 ድረስ እንዲህ በንጉሥ ወይም ዙፋን በለቀቀ ንጉሥ ትእዛዝ የተሰበሰቡ መድበሎች በጠቅላላው 21 ናቸው። መድበሉ ውስጥ የገባ ቦታ ስሙ ተተከለ፣ ያልገባ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ የለም ማለት ነው።

ለምን በቦታ ስም ላይ እንዲህ ተጣበቁ ላላችሁ መልሱ ግጥሙ አጭር ስለሆነ ነው። ዋካ የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ግጥም ጠቅላላ 31 ቀለም ነው፣ 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7 እያለ ይሄዳል። የኛ ወል ቤት አንዱ ስንኝ 12 ቀለም ነው፣ ሁለቱ 24፣ ስለዚህ ዋካ ከሁለት ስንኝ ትንሽ ቢረዝም ነው። በዚህች ቦታ ላይ ወቅቱን፣ ስሜቱን፣ ታሪኩን ሁሉ አትዘረዝርም። አንድ የቦታ ስም ከጠራህ ግን ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ታትሱታ ወንዝ ካልክ መኸር ነው፣ ቀይ የሜፕል ቅጠል ውሃው ላይ እየሄደ ነው። ሱማ የሚባለው የባህር ዳርቻ ከተጠራ ስደትና ብቸኝነት ነው፣ ጨው የሚያፈሉ ድሆች ጭስ አለ። ዮሺኖ መጀመሪያ የበረዶ ቦታ ነበር፣ ቀስ እያለ የቼሪ አበባ ሆነ። ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው ይሄን ሁሉ በቃሉ ማወቅ አለበት፣ ታትሱታ ላይ የፀደይ አበባ ቢያበቅል ይሳቅበታል፣ እውነት አብቅሎ ቢያየው እንኳን!

ለማየትማ ማን ሄዶ። የዋና ከተማዋ የኪዮቶ መኳንንት ሩቅ ሀገር ከሄዱ ወይ ተሹመው ነው ወይ ተግዘው ነው፣ የቀረው እዛው ቁጭ ብሎ ይገጥማል። የታትሱታን ወንዝ ያገነነው የናሪሂራ ግጥም፣ እሱም የንጉሥ የልጅ ልጅ ነው፣ "በአማልክት ዘመን እንኳን ያልተሰማ ነገር፣ ወንዙ ውሃውን ደማቅ ቀይ ነከረው" ዓይነት ነገር ነው የሚለው፣ እና ከግጥሙ በላይ ያለውን ማስታወሻ ስታነቡ የተገጠመው እልፍኝ ውስጥ ለቆመ ሥዕል መሆኑን ራሱ መድበሉ ይናገራል። ተጣጣፊ መጋረጃ ላይ ቅጠል የሚወስድ ወንዝ ተስሏል፣ እሱን አይቶ ገጠመ። ማንም አላፈረበትም፣ ኧረ እንዲያውም ሙያው ያ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሚናሞቶ ኖ ቶሩ ነው። የንጉሠ ነገሥት ሳጋ ልጅ ነው፣ ከ822 እስከ 895 የኖረ፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው። ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ሺዮጋማ የሚባል ወሽመጥ አለ፣ ጨው በማፍላት የታወቀ፣ የግጥም ቦታ። ቶሩ ኪዮቶ ውስጥ ግቢው ላይ ያንን ወሽመጥ አስመስሎ ሠራው፣ ኩሬው፣ ደሴቶቹ፣ ሁሉም ነገር። እዚህ ድረስ እሺ፣ አትክልተኛ ያለው ይሠራዋል። ግን እንደሚባለው የባህር ውሃ ከኦሳካ በኩል እያስጫነ አስመጥቶ እዛው ግቢው ውስጥ ጨው ያስፈላ ነበር፣ ለምን ቢባል ግጥሙ ላይ ሁሌም ጭስ ስላለ ጭሱ እንዳይቀር! ሲሞት ጹራዩኪ ግቢውን አይቶ ጌታው ሄደ፣ የሺዮጋማ ጭስም ቆመ ብሎ ገጠመለት፣ እሱም ግጥም ኮኪንሹ ውስጥ አለ።

ኖይን የሚባል መነኩሴ ገጣሚም አለ፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሰው። "ከዋና ከተማው ከፀደይ ጭጋግ ጋር ወጣሁ፣ ሺራካዋ ኬላ ስደርስ የመኸር ነፋስ ይነፍሳል" የሚል ቆንጆ ግጥም አለው፣ ሺራካዋ ወደ ሰሜኑ ሀገር የሚያስገባው ኬላ ነው። በኋላ በተጻፉ ተረቶች እንደሚባለው ግን ሰውየው የትም አልሄደም። ግጥሙ በጣም ስላማረው "ሳልሄድ ጻፍኩት ማለት ያሳፍራል" ብሎ ለወራት ቤቱ ተደብቆ፣ ፊቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ እስኪጠቁር ጠብቆ፣ ከዛ "አሁን ከመንገድ መምጣቴ ነው" ብሎ ወጣ። ተረት ይሁን እውነት ማንም አያረጋግጥም፣ ግን ዘመኑን በደንብ ያሳያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከነዚህ የግጥም ቦታዎች ብዙዎቹ ሙትሱ በሚባለው ሩቅ ሰሜን ምሥራቅ ነው ያሉት። ያ ሀገር ቤተ መንግሥቱ ኤሚሺ ከሚላቸው ህዝቦች ጋር ለረጅም ጊዜ ተዋግቶ ቀስ በቀስ የያዘው ጠረፍ ነው፣ በ724 ታጋ የሚባል ምሽግ ተሠርቶ አስተዳደሩም ጦሩም እዛ ተቀመጠ። ጦር ከፊት ይሄዳል፣ ሹም ይከተላል፣ ከዛ የቦታው ስም ኪዮቶ ደርሶ ግጥም ይሆናል። እዛው ታጋ አጠገብ ሱዌ ኖ ማትሱያማ የምትባል ጥድ ያለባት ጉብታ አለች፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ሳታለከልኩ ትወጧታላችሁ። ኮኪንሹ ውስጥ ካሉት የምሥራቅ ሀገር ዘፈኖች አንዱ "አንቺን ትቼ ልቤ ወደ ሌላ ከሄደ ማዕበል ሱዌ ኖ ማትሱያማን ይሻገራታል" ይላል፣ ማለትም መቼም አይሆንም ነው። ኪዮቶ ያሉት ገጣሚዎች ይሄን ለፍቅር መሐላ ብቻ ሲጠቀሙበት ኖሩ። ግን በ869 እዛ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ከምሽጉ ሥር ወደ 1,000 ሰው ሰጠመ ብሎ ጽፎታል፣ እና የዘፈኑ ምንጭ ያ ቀን ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ውሃው ሁሉን በልቶ ጉብታዋን ብቻ አልተሻገረም ማለት ነው። በ2011 ሱናሚ ሲመጣ አካባቢው በውሃ ተጥለቀለቀ፣ ጉብታዋ ላይ ግን አልወጣም። ያላዩትን ቦታ የሚያሞግሱት ሰዎች ሳያውቁት የአደጋ መረጃ ሲያስተላልፉ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ሳነብ ትንሽ ቆም ብያለሁ።

ወደ ዙፋኑ ስንመለስ፣ ቦታና ሥልጣን እንዴት እንደተያያዙ ጥርት ብሎ የሚታየው ጎ-ቶባ ላይ ነው። ዙፋናቸውን ለልጅ ለቀው ግን ከጀርባ የሚገዙ ንጉሥ ነበሩ፣ ያኔ እውነተኛው ጉልበት ካማኩራ ባለው የሳሙራይ መንግሥት እጅ እየገባ ነበር። በ1207 አንድ የጸሎት ቤት አሠሩና ተንሸራታች በሮቹ ላይ ከመላ ሀገሪቱ የተመረጡ 46 ስመ ጥር ቦታዎች አሣሉበት፣ አሥር ገጣሚዎች ለያንዳንዱ ቦታ እንዲገጥሙ ታዘዙ፣ እሳቸውም አንዱ ገጣሚ ናቸው። በሩን ዘግተህ መሀል ላይ ስትቀመጥ መላው ጃፓን ዙሪያህን ነው። በሥዕል መሆኑ ነው እንጂ! በ1221 ሥልጣኑን በጦር ለማስመለስ ሞክረው ተሸነፉ፣ ኦኪ ወደሚባል ደሴት ተጋዙ፣ በ1239 እዛው ሞቱ።

ልማዱ ግን አልሞተም። አዲስ ንጉሠ ነገሥት ሲነግሥ ዳይጆሳይ የሚባል ሥርዓት አለ፣ ለሥርዓቱ ሩዝ የሚያቀርቡ ሁለት አውራጃዎች በኤሊ ቅርፊት ጥንቆላ ይመረጣሉ፣ የነዚህ አውራጃዎች ቦታዎች ተጣጣፊ መጋረጃ ላይ ይሳላሉ፣ ግጥም ይጻፍባቸዋል። ይሄ የሺህ ዓመት ነገር ነው፣ በ2019 የአሁኑ ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ሲነግሡም ተደርጓል፣ ቅርፊቱ ያወጣው ቶቺጊንና ኪዮቶን ነበር።

ከመካከለኛው ዘመን በኋላ ቤተ መንግሥቱ ደኸየ፣ የማዘዝ አቅሙም ተዳከመ። ጎ-ዳይጎ የሚባሉት ንጉሥ በ1336 ሸሽተው ዮሺኖ ገብተው ሁለተኛ ቤተ መንግሥት አቆሙ፣ ሀገሪቱ እስከ 1392 ሁለት ንጉሥ ነበራት። እና በ1643 "በጃፓን ከሁሉ የሚበልጡት ሦስቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው" ብሎ የጻፈው ሰው ከንጉሡ ወገን አይደለም፣ ሃያሺ ጋሆ የሚባል የቶኩጋዋ ሾጉን (ያኔ ሀገሪቱን በተግባር የሚገዛው የጦር መሪ) አገልጋይ፣ የኮንፊሽየስ ትምህርት ሊቅ ነው። ዛሬ ቱሪስቱ ሁሉ የሚዞርበት "ሦስቱ እይታዎች" ሊስት ከሱ የመጣ ነው፦ ማትሱሺማ፣ አማኖሃሺዳቴ፣ ሚያጂማ።

ማትሱሺማ ከ260 በላይ ደሴቶች ያሉበት ወሽመጥ ነው፣ ሺዮጋማም እዛው ጥግ ላይ ነው። አማኖሃሺዳቴ 3.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጥድ የበቀለበት የአሸዋ ድልድል ነው፣ ከባህሩ መሀል ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። የንጉሣውያኑ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ወላጅ የሚባለው አምላክ ኢዛናጊ ወደ ሰማይ የሚወጣበት መሰላል ነበር፣ ተኝቶ ሳለ ወደቀ ይላል ጥንታዊው ትረካ። ታዲያ ሰው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ይሰጥና ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሀል ያየዋል፣ ሰማዩ ታች ባህሩ ላይ ሲሆን መሰላሉ ወደላይ የቆመ ይመስላል፣ ሽማግሌውም ሙሽራውም ተሰልፎ ነው የሚያጎነብሰው። ሚያጂማ ያቺ ቀዩ በር ያለችበት ደሴት ናት። መቅደሱን በ1168 ገደማ በዛሬው መልኩ ያስፋፋው ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የሚባል የጦር መሪ ነው፣ የልጁን ልጅ አንቶኩን ንጉሠ ነገሥት እስከማድረግ ደረሰ፣ ግን ልጁ በ1185 በባህር ውጊያ ቤተሰቡ ሲሸነፍ በህፃንነቱ ሰጠመ። የአሁኑ በር የ1875 ነው፣ 16 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ እግሩ መሬት ውስጥ አልተቀበረም፣ በራሱ ክብደት ነው የቆመው።

በቶኩጋዋ ዘመን ሰላም ስለነበር ተራው ሰው መንገድ ጀመረ፣ የግጥም ቦታዎቹንም ሄዶ ማየት ጀመረ። ገጣሚው ባሾ በ1689 በእግሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ዋናው ዓላማው የጥንቶቹ የገጠሙላቸውን ቦታዎች ማየት ነበር። ሱዌ ኖ ማትሱያማንም አይቷል፣ ጥዶቹ መሀል መቃብር ሞልቶበት ነው ያገኘው። ምዕራብ ጠረፍ ላይ ደግሞ ኪሳካታ ደረሰ፣ ትንንሽ ደሴቶች የተበተኑበት ሐይቅ መሰል ወሽመጥ፣ የማትሱሺማ እኩያ ይባል ነበር። ይባል ነበር ያልኩት በ1804 የመሬት መንቀጥቀጥ ከታች አንስቶት ውሃው ስለሄደ ነው፣ ዛሬ ደሴቶቹ ጥዳቸውን እንደያዙ ሩዝ እርሻ መሀል ቆመዋል። የአካባቢው ገዢ "በቃ እርሻ ይሁን" ብሎ ደሴቶቹን ሊደለድል ሲል የካንማንጂ ገዳም አለቃ ካኩሪን እምቢ አለ፣ ኪዮቶ ድረስ ሄዶ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባል የሆነ የልዑል ቤት ጥበቃ አገኘ። እሱ ታስሮ እስር ቤት ሞተ፣ ጉብታዎቹ ግን ተረፉ። በፀደይ እርሻው በውሃ ሲሞላ የድሮው ወሽመጥ የተመለሰ ይመስላል።

መጽሐፍ ሻጮችም ገቡበት። በ1780 የኪዮቶን ስመ ጥር ቦታዎች በሥዕል የሚያሳይ መመሪያ ወጥቶ እንደ ጉድ ተሸጠ፣ ከዛ ሁሉም ከተማ የራሱን አወጣ። ሂሮሺጌ ከ1856 እስከ 1858 የኤዶን፣ ማለት የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ቦታዎች በእንጨት ህትመት ሲያወጣ ምን ሣለ? ድልድይ፣ ጨርቅ ቤት፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ ዝናብ የደረሰባቸው መንገደኞች። የንጉሥ መድበል የማያውቃቸው ቦታዎች ናቸው፣ ሰው እየገዛ ስመ ጥር አደረጋቸው።

ከዛ በ1868 ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሜጂ የሚባሉት፣ ወደ መድረኩ ተመለሱ። ሜጂ ለኛ እንግዳ ስም አይደለም፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የተቀዳው በአብዛኛው ከሳቸው የ1889 ሕገ መንግሥት ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ለ200 ዓመት ከኪዮቶ ግቢ ወጥተው አያውቁም ማለት ይቻላል፣ ሜጂ ግን ከ1872 እስከ 1885 ስድስት ትላልቅ ጉዞ አድርገው ሀገሩን ዞሩት። ያረፉበት ቤት፣ ሻይ የጠጡበት ቦታ፣ ቆመው ያዩበት ኮረብታ ሁሉ ምልክት ተተከለበት። በ1919 የታሪክ፣ የመልክዓ ምድርና የተፈጥሮ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፣ በሱ መሠረት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሜጂ የረገጧቸው 377 ቦታዎች የታሪክ ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲመጣ በ1948 ሁሉም በአንድ ቀን ተሰረዙ። በአንድ ቀን ስመ ጥር መሆን ማቆም እንዲህ ነው፣ ድንጋዮቹ ግን ብዙዎቹ እስካሁን አሉ፣ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም።

ህዝቡም በበኩሉ ዝም አላለም። በ1927 ሁለት ጋዜጦች "አዲሶቹን ስምንት እይታዎች ምረጡ" ብለው ፖስትካርድ ላኩ ሲሉ ከ90 ሚሊዮን በላይ ካርድ መጣ፣ ያኔ የሀገሪቱ ህዝብ 60 ሚሊዮን ገደማ ነው! የየአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ካርድ በጅምላ እየገዛ ነበር የሚልከው። ኮሚቴው በመጨረሻ የመረጣቸው እንደ ካሚኮቺ ሸለቆ፣ ኬጎን ፏፏቴ፣ ቤፑ ፍል ውሃ ያሉ፣ አብዛኞቹ የድሮው ግጥም ብዙም የማያውቃቸው ናቸው።

ዛሬም የንጉሡ ቤት በእጁ ያስቀራቸው ቦታዎች አሉ፣ መቃብሮቹ። ኦሳካ አጠገብ ሳካይ ከተማ ውስጥ የንጉሠ ነገሥት ኒንቶኩ ነው የሚባል 486 ሜትር ርዝመት ያለው የቁልፍ ቀዳዳ ቅርፅ የአፈር መቃብር አለ፣ በ2019 ከአካባቢው መቃብሮች ጋር ዓለም ቅርስ ሆነ፣ ግን የሚያስተዳድረው የንጉሣውያን ቤት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ጎብኚ አይገባም፣ አርኪዮሎጂስትም እንደልቡ አይቆፍርም፣ የኒንቶኩ መሆኑም ራሱ ያከራክራል። የሚሄድ ሰው የሚያየው ሦስት ዙር ውሃና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ሳካይ ማዘጋጃ ቤት 21ኛ ፎቅ ላይ ነፃ መመልከቻ አለ፣ ከዛም ቢሆን ቅርፁ በደንብ አይለይም፣ ስለዚህ ሰዉ ግድግዳ ላይ ያለውን የአየር ፎቶ አይቶ ነው የሚወርደው።